ሁለት ወፎች በአንድ ደን፦ የስኮትላንድ እግረኛ መብትና ወሰኑ

በስኮትላንድ ሰሜናዊ ደጋ፣ በስፔይ ወንዝ ሸለቆ፣ አበርኔቲ የተባለ ጥንታዊ የጥድ ደን አለ። በዚህ ደን ስማቸው የገነነ ሁለት ወፎች ይኖራሉ። አንደኛው ኦስፕሬይ ነው፤ ዓሣ አዳኝ አሞራ። እሱን ለማየት የሚመጣ እንግዳ በደስታ ይስተናገዳል፤ መመልከቻ ቤት ተሠርቶለታል፣ መነጽር ተዘጋጅቶለታል፣ የሚያስረዳው ሰውም አለ። ሁለተኛው ካፐርኬሊ ነው፤ የቆቅ ወገን የሆነ፣ ወንዱ ቱርክ ዶሮ የሚያህል ግዙፍ ወፍ። ስለ እሱ ለእንግዳው የሚነገረው ቃል አጭር ነው፦ እባክዎ አይፈልጉት።

አንድ ደን፣ ሁለት ተቃራኒ ምክሮች። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን ከሰባ ዓመት ልምድ የተገኘ ትምህርት ነው። በስኮትላንድ ማንኛውም ሰው በደን ውስጥ በእግሩ የመዘዋወር መብቱ በሕግ ተረጋግጦለታል። ይህ መብት ለዱር እንስሳቱ ጥበቃ ትልቅ ኃይል ሆኗል፤ በአንዳንድ ስፍራ ግን ለእንስሳቱ ስጋት ሆኖ ተገኝቷል። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። ማስታረቂያውም ደኑን መዝጋት ሳይሆን፣ የእግር መንገዱ የት ማለፍ እንዳለበትና መቼ መራቅ እንዳለበት ማወቅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አበርኔቲ ካሌዶኒያ እየተባለ የሚጠራው የጥንቱ ጥድ ደን ቅሪት ነው። የበረዶው ዘመን አብቅቶ ምድሪቱ መሞቅ ከጀመረች በኋላ ስኮትስ ፓይን የተባለው ጥድ ከበርችና ከሌሎች ዛፎች ጋር ሆኖ የደጋውን ሰፊ ክፍል ሸፈነ። ሺህ ዓመታት ሲያልፉ የአየሩ ጠባይ እየረጠበ፣ ረግረጉ እየሰፋ ሄደ፤ የሰው መጥረቢያና የከብት መንጋም ተከተለ። ዛሬ በይፋ ተመዝግበው የሚታወቁት የዚህ ደን ቅሪቶች 84 ሲሆኑ በድምሩ ወደ 18,000 ሄክታር ይሆናሉ። ከነዚህ ዛፎች አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው ከ300 ዓመት ያልፋል።

ደኑ የተቆረጠው በአንድ ጊዜ አይደለም። ዮርክ ቢልዲንግስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ በ1728 የአበርኔቲን ዛፎች ገዝቶ በሰፊው ማስቆረጥ ጀመረ፤ ግንዱ እየተጠፈረ በስፔይ ወንዝ ላይ ተንሳፍፎ ወደ ባሕሩ ጠረፍ ይወርድ ነበር። ቀጥሎ መሬቱ በሰፋፊ ርስቶች ተይዞ በመጀመሪያ ለበግ ርቢ፣ ኋላም ለባለጸጎች የአጋዘን አደን ዋለ። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለት የዓለም ጦርነቶች የቀረውን ጎዱት፤ በሁለተኛው ጦርነት ወቅት እንጨት ለመቁረጥ ከካናዳ የመጡ የደን ጭፍሮች በዚሁ ሸለቆ ሰፍረው ነበር። በመጀመሪያው ጦርነት የደረሰው የእንጨት እጥረት ያስደነገጠው መንግሥት በ1919 የደን ኮሚሽን አቋቋመ። በዚያን ጊዜ ከስኮትላንድ መሬት ደን የነበረው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ ዛሬ 19 በመቶ ደርሷል።

ይህ ቁጥር ግን ሲያዩት ደስ እንደሚለው ያህል አያጽናናም። አብዛኛው አዲስ ደን ከሰሜን አሜሪካ በመጣው ሲትካ ስፕሩስ በተሰኘ ዛፍ የተሸፈነ፣ በረድፍ ተተክሎ በረድፍ የሚቆረጥ የእንጨት እርሻ ነው። ዛፎቹ ተጠጋግተው ስለሚያድጉ ብርሃን ወደ መሬት አይወርድም፤ ብርሃን በሌለበት ሣርና ቁጥቋጦ አይበቅልም፤ እነሱ በሌሉበት ነፍሳትና ወፎች አይበዙም። በጥንቱ የጥድ ደን ግን ዛፎቹ ተራርቀው ቆመው ብርሃኑን ያሳልፋሉ። ከሥራቸው የኛው አስታ ዘመድ የሆነው ሄዘር፣ ብሌቤሪ የተባለው ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ የሚሰጥ ቁጥቋጦና ወፍራም የድንጋይ ሽበት ይነጠፋል። ጉንዳኖች የጥዱን ቅጠል ከምረው ከሰው ጉልበት የሚደርስ ቤት ይሠራሉ።

እግረኛው የሚመጣው ይህን ለማየት ነው። አበርኔቲ የሚገኝበት ኬርንጎርምስ ብሔራዊ ፓርክ በ2003 የተመሠረተ ሲሆን ስፋቱ 4,528 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ በመላው ብሪታኒያ የሚተካከለው ፓርክ የለም። በውስጡ ሰው እንደ አቅሙ የሚመርጣቸው መንገዶች አሉ። ከልጆችና ከአረጋውያን ጋር ለሚሄድ ሰው በሮቲመርከስ ደን ውስጥ ሎክ አን ኢሌን የተባለውን ሐይቅ የሚዞረው፣ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ሜዳማ መንገድ ይስማማዋል። በሐይቁ መካከል ባለች ትንሽ ደሴት ላይ የመካከለኛው ዘመን ግንብ ፍራሽ ይታያል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኦስፕሬዮች በዚሁ ፍራሽ አናት ላይ ጎጆ ይሠሩ ነበር። ከግሌንሞር ተነሥቶ ወደ ራይቮን የሚያቀናው መንገድ ደግሞ ውኃዋ አረንጓዴ ወደሆነች ትንሽ ሐይቅ ያደርሳል። የአገሬው አፈ ታሪክ የውኃዋ ቀለም የመጣው በደኑ የሚኖሩ የማይታዩ ፍጥረታት ልብሳቸውን ስለሚያጥቡባት ነው ይላል።

ጉልበቱን ለሚያምን መንገደኛ ላይሪግ ግሩ አለ፤ ከአቪሞር አካባቢ ተነሥቶ ተራሮቹን ሰንጥቆ ወደ ብሬማር የሚሻገር፣ ከፍታው ከ800 ሜትር የሚያልፍ፣ የቀኑን ብርሃን በሙሉ የሚጠይቅ የጥንት የከብት ነጂዎች መተላለፊያ ነው። የስፔይን ወንዝ ተከትሎ ከባሕሩ ጠረፍ እስከ ኒውተንሞር የሚዘልቀው ስፔይሳይድ ዌይ ደግሞ የበርካታ ቀናት ጉዞ ነው።

በነዚህ መንገዶች ዝም ብሎ የሚራመድ ሰው ብዙ ያያል። በብሪታኒያ ካሉት ቀይ ሽኮኮዎች ሦስት አራተኛው ገደማ የሚኖሩት በስኮትላንድ ነው፤ በእንግሊዝ ከአሜሪካ የመጣው ግራጫ ሽኮኮ ምግባቸውን እየተሻማና በሽታ እያስተላለፈ ከአብዛኛው ስፍራ አጥፍቷቸዋል። ጉትያዋን አቁማ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የምትዘለው ክሬስትድ ቲት በብሪታኒያ ምድር ከደጋው የጥድ ደን በቀር አትገኝም። የመንቁሯ ጫፎች እንደ መስቀል የተላለፉት፣ በዚያም የጥዱን ፍሬ ፈልቅቃ ዘሩን የምታወጣው ስኮቲሽ ክሮስቢል በዓለም ላይ በስኮትላንድ ብቻ የምትኖር ወፍ ናት።

ስኮትላንዳዊው በዚህ ምድር እንደልቡ የመሄድ ነፃነቱን እንደ መና ከሰማይ አላገኘውም። በ1845 በኤደንብራ የተሰባሰቡ ዜጎች የሕዝብ መተላለፊያዎች እንዳይዘጉ የሚሟገት ማኅበር አቋቋሙ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ መምህር ጆን ሃተን ባልፎር ተማሪዎቻቸውን ይዘው ግሌን ቲልት በተባለው ሸለቆ ሲያልፉ የአቶል መስፍን ሰዎች መንገዱን ዘጉባቸው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ መንገዱም የሕዝብ ሆኖ ጸና። በ1884 የፓርላማ አባሉ ጄምስ ብራይስ ተራሮቹ ለእግረኛ ሁሉ ክፍት እንዲሆኑ የሚጠይቅ ረቂቅ ሕግ አቀረቡ፤ አልጸደቀም። ጥያቄው ግን አልሞተም፤ የስኮትላንድ ፓርላማ ከተቋቋመ በኋላ በ2003 የመሬት ማሻሻያ ሕግ ሆኖ ወጣ፤ በ2005 ሥራ ላይ ዋለ።

በዚህ ሕግ መሠረት ሰው የመሬቱ ባለቤት ማንም ይሁን ማን፣ ቀንም ሆነ ሌሊት፣ በእግር፣ በብስክሌት፣ በፈረስ ወይም በታንኳ መዘዋወር፣ ድንኳን ተክሎም ማደር ይችላል። የሰው መኖሪያ ግቢና ሰብል የበቀለበት ማሳ አይነካም፤ አደን፣ ዓሣ ማጥመድና በሞተር መንዳት በመብቱ ውስጥ አይገቡም። በጎረቤት እንግሊዝ በ2000 የወጣው ሕግ በነፃነት ለመዘዋወር የፈቀደው ከአገሪቱ መሬት 8 በመቶ ገደማ ላይ ብቻ ነው። የስኮትላንዱ ሕግ ይህን ሁሉ ሲሰጥ ያስቀመጠው ሁኔታ አንድ ነው፤ መብቱ በኃላፊነት ስሜት ይሠራበት። ከሕጉ ጋር የወጣው የሥነ ምግባር መመሪያም የሌላውን ጥቅም አክብር፣ ለተፈጥሮ ተጠንቀቅ፣ ለሥራህ ራስህ ኃላፊ ሁን ይላል።

ይህ ኃላፊነት በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ያስተማሩት ሁለቱ ወፎች ናቸው።

ኦስፕሬይ በአደንና በእንቁላል ሰብሳቢዎች ምክንያት ከ1916 በኋላ ከብሪታኒያ ምድር እንደጠፋ ተቆጥሮ ነበር። በ1954 አንድ ጥንድ ተመልሶ በአበርኔቲ ደን በሎክ ጋርተን ሐይቅ አጠገብ ጎጆ ሠራ። ምሥጢሩ በጥቂት ሰዎች ዘንድ ተጠበቀ። ምሥጢር መሆኑ ግን አላዳነውም፤ በ1958 እንቁላል ሰብሳቢ በሌሊት ዛፉ ላይ ወጥቶ እንቁላሎቹን ወሰደና በምትካቸው በጫማ ቀለም የተቀቡ የዶሮ እንቁላሎች አስቀመጠ። በስኮትላንድ የንጉሣዊው የወፎች ጥበቃ ማኅበር ኃላፊ የነበሩት ጆርጅ ዋተርስተን ያን ጊዜ ከተለመደው አሠራር የወጣ ውሳኔ ወሰኑ። ጎጆው ያለበትን ስፍራ ለሕዝብ አወጁ፣ ከርቀት መመልከቻ አዘጋጁ፣ ቀን ከሌሊት የሚጠብቁ በጎ ፈቃደኞች መደቡ። በ1959 በዚያ አንድ የመራቢያ ወቅት ብቻ 14,000 ያህል ሰው መጥቶ አየ። ጫጩቶቹም አድገው በረሩ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ሎክ ጋርተን የሄደው ሰው ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ኦስፕሬይም በብሪታኒያ ከ200 ጥንድ በላይ ሆኗል። ወፉን የጠበቀው የሰው ዓይን ነው። ነገር ግን ኦስፕሬይ ጎጆውን በረጅም ዛፍ አናት ላይ የሚሠራ፣ ሐይቅና ወንዝ ላይ በግልጽ የሚያድን፣ ተመልካቹ በመቶ ሜትሮች ርቀት ቢቀመጥ የማይረበሽ ወፍ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ለእሱ የበጀው ዘዴ ለሁሉም የሚበጅ አይደለም።

ካፐርኬሊ ኑሮው መሬት ላይ ነው። በሚያዝያ ወር፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ ወንዶቹ ሌክ በሚባለው የተመረጠ ገላጣ ስፍራ ተሰብስበው ጅራታቸውን እንደ ማራገቢያ ዘርግተው፣ የጠርሙስ ቡሽ ሲፈነጠር የመሰለ ድምፅ እያሰሙ ይፎካከራሉ። ሴቶቹ መጥተው ይመርጣሉ። ሥርዓቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያልቃል። በዚያ ሰዓት ሰው ወይም ውሻ ቢመጣ ይበተናሉ፤ ብዙ ጊዜ ከተረበሹ ርቢው ይስተጓጎላል። ከዚያም ሴቷ በብሌቤሪ ቁጥቋጦ ሥር መሬት ላይ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿም በቁጥቋጦው ላይ በሚገኙ አባጨጓሬዎች ያድጋሉ። ከመንገድ የወጣ ሩጫና ያልታሰረ ውሻ የሚያገኛቸው በዚሁ ጊዜ ነው።

ወፉ አንድ ጊዜ ጠፍቶ ያውቃል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከስኮትላንድ ተደምስሶ በ1837 ከስዊድን በመጡ ወፎች እንደገና ተተካ። በ1970ዎቹ ወደ 20,000 እንደሚደርስ ይገመት ነበር። ከ2015 ወደ 2016 በተሻገረው የብርድ ወቅት የተደረገው ቆጠራ 1,114 ገመተ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ የተደረገው ደግሞ ከ600 በታች። ከቀሩት አብዛኞቹ የሚኖሩት በዚሁ በኬርንጎርምስ ፓርክ ውስጥ ነው። ለዛፍ ችግኝ ጥበቃ የተተከለው የአጋዘን አጥር ሲበሩ ይመታቸዋል፤ በጫጩቶቹ ወቅት የሚጥለው ቀዝቃዛ ዝናብ ይገድላቸዋል፤ ቀበሮና ፓይን ማርቲን የተባለው ሽለምጥማጥ መሳይ እንስሳ እንቁላላቸውን ይበላል። ሰውም አለበት። በዚሁ አካባቢ የተደረገ ጥናት ካፐርኬሊዎች ከእግር መንገድ ግራና ቀኝ ከ70 እስከ 125 ሜትር ያለውን ደን እንደሚሸሹ አሳይቷል።

ይህ ቁጥር ጥቂት ቢመስልም ሲሰላ ከባድ ነው። በአንድ ደን ውስጥ መንገዶች እየተባዙ፣ ሰው በተመላለሰ ቁጥር አዳዲስ አቋራጮች እየተከፈቱ ሲሄዱ፣ ካርታው ላይ ሺህ ሄክታር የሚመስለው ደን ለወፉ የተበጣጠሱ ጥቂት ማዕዘኖች ብቻ ሆኖ ይቀራል። አንድ እግረኛ ያደረሰው ጉዳት የለም፤ ጉዳቱ የድምር ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ሊደመጥም ይገባዋል። በስኮትላንድ ታሪክ እንስሳት ይረበሻሉ የሚለው ምክንያት ድሃን ከመሬት ለማራቅ ብዙ ጊዜ አገልግሏል። በ1880ዎቹ ዊናንስ የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ በደጋው ከ200,000 ኤከር በላይ የአጋዘን ማደኛ ተከራይቶ፣ አንዲት ለማዳ ጠቦት መሬቴ ላይ ጋጠች ብሎ አንድ ድሃ ጫማ ሰፊ ከስሶ ነበር፤ ተሸነፈ። ይህን የሚያስታውስ ሕዝብ መንገድ ይዘጋ ሲባል ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ደግሞም የካፐርኬሊ ውድቀት ምክንያት እግረኛው ብቻ እንዳልሆነ ከላይ ታይቷል። ዝናቡን፣ አጥሩንና አዳኙን ትቶ መንገደኛውን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይደለም።

ስለዚህ የሚያስመሰግነው የኬርንጎርምስ ሰዎች ሁሉንም በአንድነት መያዛቸው ነው። አጥሩን እንመልከት። በስኮትላንድ የአጋዘን ቁጥር ወደ 1 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል፤ ይቆጣጠረው የነበረው ተኩላ ከጠፋ ዘመናት አልፈዋል። አጋዘን የጥድ ችግኝ ይግጣል፤ አጥር ሲተከል ችግኙ ይድናል፣ ካፐርኬሊ ግን ይሞታል። በአበርኔቲ የወፎች ጥበቃ ማኅበሩ አጥሩን አንሥቶ የአጋዘኑን ቁጥር በአደን መቀነስ መረጠ። በዚሁ ፓርክ በሚገኘው በግሌንፌሺ ርስትም ተመሳሳይ መንገድ ተከትለው፣ ለረጅም ዘመን ችግኝ ያልታየበት ሸለቆ ዛሬ ያለ አጥር በወጣት ጥዶች ተሸፍኗል። እነዚህ ሁለቱና የመንግሥት የደንና የተፈጥሮ ጥበቃ ተቋማት ኬርንጎርምስ ኮኔክት በሚል ስም ተጣምረው በ600 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የ200 ዓመት ዕቅድ ይዘው ይሠራሉ።

የአዳኙ ጉዳይ ይበልጥ አስቸጋሪ ነበር፤ ምክንያቱም ፓይን ማርቲን ራሱ በሕግ የተጠበቀ፣ ከመጥፋት የተመለሰ እንስሳ ነው። ቀይ ሽኮኮንም ይጠቅማል፤ እሱ በበዛበት ግራጫው ሽኮኮ እንደሚቀንስ በጥናት ታውቋል። መፍትሔው ከመግደል ይልቅ ማጥገብ ሆነ። የአበርዲንና የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች በሌላ ምክንያት የታደነ አጋዘን ሥጋ በመፈልፈያው ወቅት በደኑ ውስጥ አኖሩ። በ2025 በታተመው ውጤት መሠረት ሥጋው በተቀመጠበት ስፍራ ከታዩት ሴት ካፐርኬሊዎች 85 በመቶዎቹ ጫጩት ነበራቸው፤ ባልተቀመጠበት ግን 37 በመቶዎቹ ብቻ።

የቀረው የእግረኛው ድርሻ ነው። በሸለቆው ያሉ መንደሮች ነዋሪዎች፣ ውሻ ያላቸው ሰዎችና የተራራ ብስክሌተኞች ከፓርኩ ጋር ተቀምጠው፣ የትኛው መንገድ ለወፉ ቅርብ እንደሆነና የትኛው እንደማይጎዳው ተነጋግረዋል። ሰው በብዛት የሚመርጣቸው መንገዶች ከወፉ መኖሪያ በራቀ ስፍራ ምቹ ሆነው ሲሠሩ፣ ሕግ ሳያስፈልግ ሕዝቡ ራሱ ወደዚያ ይሄዳል። በዘፈቀደ የተከፈቱ አቋራጮች ቅርንጫፍ ተጥሎባቸው ሲዘጉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሄዘር ይውጣቸዋል። የወፍ ተመልካቾችና ፎቶ አንሺዎች ደግሞ በጸደይ ወራት ሌክ እየፈለጉ እንዳይሄዱ ተለምነዋል። ከዚህ ሁሉ አብዛኛው በስምምነት የሆነ ነው፤ ለዚህ ሲባል የ2003ቱን ሕግ መንካት አላስፈለገም።

ልመና ብቻ የማይበቃበት ቦታም አለ። በሰኔ 2025 በካርብሪጅና በዳቫ አካባቢ የተነሣው ሰደድ እሳት ከ10,000 ሄክታር በላይ መሬት በልቶ በስኮትላንድ ታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ የከፋ ሆነ። ፓርኩ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ከቤት ውጭ እሳት ማቀጣጠልን የሚከለክል ደንብ ማውጣቱ ተገቢ ነው። የተረበሸን ወፍ ትቶ ማለፍ ይቻላል፤ የተቃጠለን ጥድ መተካት ግን ሦስት መቶ ዓመት ይፈጃል።

ደኑ ደግሞ ለተመላሾች ቦታ እያዘጋጀ ነው። በ2019 ራሱን ችሎ መቀጠል የማይችልበት ደረጃ ደርሷል የተባለው የስኮትላንድ የዱር ድመት፣ በ2023 በዚሁ ፓርክ 19 ያህል በእንክብካቤ ያደጉ ድመቶች ተለቀውለት፣ በቀጣዩ ዓመት በዱር ግልገሎች ወልዷል። በ2023 መጨረሻም ቢቨር ከ400 ዓመት በኋላ ወደ ላይኛው ስፔይ ተመለሰ። እነዚህ እንስሳት በየዓመቱ ወደ 2 ሚሊዮን እንግዳ በሚጎበኘው ፓርክ ውስጥ፣ ከሰው ጋር እየተገናኙ መኖር ይኖርባቸዋል።

ስለዚህ በብሪታኒያ የሚኖርም ሆነ ለጉብኝት የሚሄድ አንባቢ ወደዚህ ደን ለመሄድ አያመንታ፤ መብቱ የእሱም ነው። ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ባሉት ወራት ግን ከተሠራው መንገድ አይውጣ፣ ውሻ ካለው በአጭር ገመድ ይያዘው፣ እሳትም እስከ መስከረም አያንድድ፣ ኦስፕሬይን በተዘጋጀለት መመልከቻ ይይ፣ ካፐርኬሊን ግን አይፈልግ። ከ600 በታች የቀረ ወፍ ከአንድ የጸደይ ወቅት ብክነት በላይ የሚሸከምበት አቅም የለውም።